ያልመጣው ጭራቅ

ልብ አንጠልጣይ ፊልም አንዳንድ ጊዜ የሚበላሸው የአዳራሹ መብራት ገና ሳይጠፋ ነው። ተመልካቹ ሲገባ አንድ ጥያቄ ይዞ ይገባል፤ ጥያቄውን ያስያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳይሬክተሩ ሳይሆን ማስታወቂያውን ቆርጦ የቀጠለው ሰው ነው። የተመልካቹና የፊልሙ ጥያቄ ካልተገናኙ ሁለቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል አብረው ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። የሥነ ልቦና ልብ አንጠልጣይ በሚባለው ዘውግ ይህ ጣጣ ይከፋል። የድብድብ ፊልም ማስታወቂያ ቢዋሽ እንኳ ድብድቡ አይቀርም። በሰው ጥርጣሬና ፍርሃት ላይ ብቻ የቆመ ፊልም ግን ከጥያቄው በቀር የሚያስይዘን ብዙ ነገር የለውም።

ይህን ሐሳብ ያሳደረብኝ አንድ ፊልም ነው። «ኢት ካምስ አት ናይት» ይባላል፤ «በሌሊት ይመጣል» እንደ ማለት ነው። ጽፎ ያዘጋጀው ትሬይ ኤድዋርድ ሹልትስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ኤ24 የተባለው አከፋፋይ እ.ኤ.አ. በጁን 2017 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች አሳይቶታል። ለእኔ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው፤ ትሬይለሩን፣ ማለትም አጭሩን የፊልሙን ማስታወቂያ፣ በስልክ ተቀባብለን ካየን በኋላ ከጓደኞቼ አንዱ ፊልም ከሚገለብጡ የአዲስ አበባ ሱቆች በአንዱ በፍላሽ አስጭኖ አመጣው። ሻጩ ስለ ፊልሙ የነገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አስፈሪ»። እነዚህን ሱቆች የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ፊልሞቹ በኮምፒውተሩ ውስጥ «አክሽን»፣ «ፍቅር»፣ «ኮሜዲ»፣ «አስፈሪ» ተብለው በየፎልደሩ ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ከእነዚህ በአንዱ ያልገባ ፊልም እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ሻጩን አልወቅሰውም። የአሜሪካው አከፋፋይም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ብዙ ገንዘብ አፍስሶበታል።

ትሬይለሩ ግሩም ሆኖ የተሠራ መሆኑን መካድ አይቻልም። በጫካ መሀል አንድ ጨለማ ቤት አለ። በረጅም ኮሪደር ጫፍ ላይ የተቆለፈ ቀይ በር አለ። የጋዝ መከላከያ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች፣ ለእኛ ወደማይታየን ነገር የሚጮህ ውሻ፣ ፋኖስ አንጠልጥሎ በሌሊት የሚራመድ ወጣት ይታያሉ። በፖስተሩ ላይም ያው ውሻ ጀርባውን ሰጥቶን በጥቁሩ ጫካ ላይ አፍጥጧል። በዚህ ሁሉ ላይ ርእሱን ጨምሩበት። በሌሊት የሚመጣው ምንድን ነው? አውሬ ነው? የሞቱ ሰዎች ናቸው? ትሬይለሩን አይቶ ይህን ያልጠየቀ ሰው ካለ እንቅልፍ ይዞት ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ፊልሙን ያላያችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መጨረሻውን ልናገር ነው።

ምንም አይመጣም። ምንነቱ ያልተነገረ በሽታ ዓለምን ጨርሷል፤ ፖል፣ ሚስቱ ሣራና የ17 ዓመት ልጃቸው ትራቪስ በጫካው ቤት ተሸሽገዋል። ታሪኩ የሚጀምረው በሽታው የያዘውን የሣራን አባት በአንድ እግር ጋሪ ገፍተው ወደ ጫካ ወስደው፣ ተኩሰው ገድለው፣ በማቃጠል ነው። ከዚያ ዊል የተባለ ሰው በሌሊት በሩን ሰብሮ ሲገባ ይያዛል። ውሃ ፍለጋ ነው የመጣሁት፣ ሚስትና ትንሽ ልጅ አለኝ ይላል። ከብዙ ማመንታት በኋላ ቤተሰቡን ያስገቧቸዋል። አብረው ይበላሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንድ ሌሊት ግን ቀዩ በር ተከፍቶ ይገኛል፤ ጠፍቶ የሰነበተው ውሻም ታሞና ደም ለብሶ ወድቋል። በሩን ማን ከፈተው? ትንሹ ልጅ? በእንቅልፍ ልቡ የተነሣው ትራቪስ? ፊልሙ አይነግረንም። ካለማወቁ ጥርጣሬ ይወለዳል፣ በጥርጣሬው መሣሪያ ይነሣል፣ የዊል ቤተሰብ ሦስቱም በነፖል ጥይት ያልቃሉ፤ ትንሹ ልጅ ጭምር። ትራቪስም በበሽታው ይሞታል። በመጨረሻ ባልና ሚስት በጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው ምንም ሳይናገሩ ይተያያሉ። አለቀ።

የተዋናዮቹ ስም መውረድ ሲጀምር ከመካከላችን አንዱ «ሁለተኛ ክፍል አለው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ፍላሹን ነቅሎ በቁጣ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

አሜሪካውያኑም የተሰማቸው ከእኛ የተለየ አልነበረም። ሲኒማስኮር የሚባል ድርጅት ፊልም በተከፈተበት ምሽት ተመልካቾችን ካርድ እያስሞላ ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ያለ ውጤት ይሰጣል። ለዚህ ፊልም የተሰጠው ዲ ነበር፤ ገምጋሚዎች ግን በአብዛኛው አሞግሰውታል። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲፈጠር ግማሹ «ሐያስያን ይመጻደቃሉ» ይላል፣ ግማሹ «ሕዝቡ አይገባውም» ይላል። ሁለቱም አያሳምኑኝም። የመጀመሪያው ምሽት ካርድ የሚለካው የፊልሙን ጥራት ሳይሆን፣ ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው ሰው የመጣበትን ነገር ማግኘት አለማግኘቱን ነው። ኤፍ ያገኙት ጥቂት ፊልሞች ሲዘረዘሩ ደካማ ሥራዎች ቢኖሩባቸውም፣ በማይመስላቸው ስም የተሸጡም አይጠፉባቸውም። ዊሊያም ፍሪድኪን ያዘጋጀው «ባግ» ከመድረክ ተውኔት የተወሰደ ሥራ ነው፤ በአንድ የሞቴል ክፍል ውስጥ ተያይዘው ወደ እብደት ስለሚወርዱ ወንድና ሴት ይናገራል። የቀረበው ግን ሰይጣን ስላደረባት ልጅ የሚናገረውን «ኤግዞርሲስት»ን ከሠራው ሰው እጅ የወጣ አዲስ አስፈሪ ፊልም ተደርጎ ነው። ኤፍ አገኘ። ሰይጣን ሊያይ የመጣ ሰው ሁለት ብቸኛ ሰዎች ሲያብዱ ቢያሳዩት ምን ይበል?

«ኢት ካምስ አት ናይት»ን በድጋሚ ያየሁት ብቻዬን፣ ጭራቅ እንደማይመጣ እያወቅሁ ነው። ሌላ ፊልም ሆኖ ጠበቀኝ።

በመጀመሪያው ጊዜ ያለፈኝ አንድ ትዕይንት አለ። ፖልና ዊል ማታ ቁጭ ብለው ይጠጣሉ፤ ወሬያቸው ተራ ነው። ዊል ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ለወላጆቹ አንድ ልጅ እንደነበረ በጨዋታ መሀል ይናገራል። ፖል ቀና ይላል፤ ይህ ሰው ቀደም ብሎ ከወንድሙ ጋር እንደነበረ ነግሮታልና። ዊል ወዲያው ያርማል፤ የሚስቴን ወንድም ማለቴ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ሁለቱ ሰዎች ፈገግ እንዳሉ ጨዋታው ይቋረጣል። እኛ ጓደኛሞች በዚህ ሰዓት ቡና አፍልተን እየቀዳን፣ «ይኼኛው ቦታ ረዘመ» እየተባባልን ነበር። የፊልሙ እጅግ አስፈሪ ቦታ ግን እሱ ነው። ሁለት ቤተሰብ የሚያልቀው በዚያች ዐረፍተ ነገር ነው፤ ቀዩ በር ሰበብ ብቻ ነው። እኛ ጆሯችንን ለጫካው ሰጥተን ጠረጴዛው ላይ የሚነገረውን አልሰማንም።

ሌላም አለ። ትራቪስ ሲቃዥ የምስሉ ቁመት ቀስ ብሎ ይጠባል፤ ጥቁሩ ከላይና ከታች ይገፋል። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ነቅተው ሳለ፣ ምስሉ ያንኑ የቅዠት ቅርጽ ይይዛል። ዳይሬክተሩ ያለ አንድ ቃል የሚነግረን ቅዠቱ ወደ ቀን መዝለቁን ነው። ትሬይለሩ ደግሞ ከዚያው ልጅ ቅዠቶች እየቀነጨበ በእውን እንደሚሆኑ ነገሮች አድርጎ አቅርቧቸዋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመኝ። ምስሎቹ ሐሰት አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ከፊልሙ የተወሰዱ ናቸው። ውሸቱ ያለው በአደራደራቸው ነው።

በሩን ማን እንደከፈተው አለመነገሩም እንዲሁ ነው። አውሬ ለሚጠብቅ ሰው ይህ የታሪኩ ቀዳዳ ነው፤ ጸሐፊው የረሳው ነገር ይመስላል። ሰዎቹን ለሚከታተል ግን የሁሉ ነገር መሠረት ነው፤ ማወቅ ባይቻልም መወሰን የግድ ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል?

ታሪኩ ለእኛ ባዳ አይደለም። መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ማስገባት የአገር ወግ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውንም የተረተው ያው አገር ነው። እነዚህን ሁለት ቃሎች በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀምጡና በሩን ቆልፉባቸው፤ የሹልትስ ፊልም ያ ነው። በሌሊት የሚመጣው የመሸበት ሰው ነው። ታዲያ በዚህ ቤት የጠረጠረውም ተመነጠረ። ይህን ጥያቄ ይዘን ብንገባ ኖሮ ከመካከላችን ማንም ቡና ለመቅዳት የሚነሣ አይመስለኝም፤ አያቶቻችን ስንት ሌሊት የተጨነቁበት ጉዳይ ነው።

ሹልትስ ጽሑፉን የጻፈው አባቱ ከሞቱ በኋላ እንደሆነ በቃለ መጠይቆች ተናግሯል። ለዓመታት ተራርቀው የኖሩት አባቱ በካንሰር ሲሞቱ አልጋቸው አጠገብ ነበር፤ ሣራ በፊልሙ መክፈቻ ላይ ለሚሞተው አባቷ የምትናገረውም እሱ ያኔ ከተናገረው የመጣ ነው። የኀዘን ፊልም ነው እንግዲህ። ከዚያ በፊት የሠራውም «ክሪሻ» የተባለ፣ የገዛ አክስቱንና ዘመዶቹን ያሳተፈበት የቤተሰብ ድራማ ነበር።

ሆኖም ዳይሬክተሩን ሙሉ በሙሉ ነጻ ማውጣት አልችልም። ርእሱን የሰጠው እሱ ነው። ካሜራውን በጨለማው ኮሪደር ቀስ አድርጎ የሚያስኬደው፣ በሩን ቀይ የቀባው፣ ውሻውን ወደ ባዶ ጫካ የሚያስጮኸውም እሱ ነው። ሻጩ የአስፈሪ ፊልም ዕቃ ሁሉ ተሟልቶ ሲቀርብለት «አስፈሪ» ብሎ ቢለጥፍበት ከሰማይ አልፈጠረውም።

በዚያው በ2017፣ በሴፕቴምበር፣ ሌላ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። የዳረን አሮኖፍስኪ «ማዘር!» በጄኒፈር ሎውረንስና በሐቪየር ባርደም ስም ታጅቦ፣ ያልተጋበዙ ሰዎች ቤቷን የወረሩባት ሴት ታሪክ ተደርጎ ተሸጠ። ኤፍ አገኘ። ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመጽሐፍ ቅዱስ ምሳሌ ነው። ከጓደኞቼ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገው አንዱ፣ ጎኑ የቆሰለ እንግዳ ገብቶ በማግስቱ ሚስቱ ስትከተል ትንሽ ፈገግ አለ፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው መጥተው አንዱ ሌላውን ሲገድል «ቃየልና አቤል ናቸው» ብሎ ተደላድሎ ተቀመጠ። የቧንቧው ውሃ ቤቱን ሲያጥለቀልቅ የጥፋት ውሃ መሆኑን የነገረን እሱ ነው። ትክክለኛውን ጥያቄ ይዞ የገባ ተመልካች በሌሎቻችን መካከል እንዴት ዘና ብሎ እንደሚቀመጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። መቼም ፊልሙን ወደደው አልልም፤ የሕፃኑ ነገር ሲደርስ ተነሥቶ ወጣ። ግን የወጣው ያየውን ነገር አይቶ ነው።

ታዲያ ማስታወቂያ ፈጽሞ አይዋሽ? እንዲህ ከተባለማ ከሁሉ የከፋው ዋሾ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ የሠራው ትሬይለር ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝም ሲሆን፣ ከፊልሙ ምንም ትዕይንት የለበትም ማለት ይቻላል። ሰውዬው ራሱ እንደ አስጎብኚ ሞቴሉንና ከበስተኋላው ያለውን ቤት እያዞረ ያሳየናል፣ ይቀልዳል፣ ሊናገር ይጀምርና ይተወዋል። መጨረሻ ላይ መታጠቢያ ቤት ገብቶ መጋረጃውን ሲገልጠው አንዲት ሴት ትጮኻለች። ያቺ ሴት ቬራ ማይልስ ናት፤ በፊልሙ ውስጥ መታጠቢያው ውስጥ የምትገደለው ግን ጃኔት ሊ። ግድያው የት እንደሚፈጸም ነግሮን ማን ላይ እንደሚፈጸም ደበቀን። ሲኒማ ቤቶችም ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንንም እንዳያስገቡ አስገደዳቸው፤ ይህ ያኔ ያልተለመደ ነበር። ሰው በፈለገው ሰዓት ገብቶ ከመሀል ጀምሮ የሚያይበት ዘመን ነበርና።

ተመልካቹ ጃኔት ሊን ሊያይ መጣ። እሷም ከአሠሪዋ ደንበኛ ገንዘብ 40,000 ዶላር ይዛ ትሸሻለች፤ ታመልጥ ይሆን እያልን እንከተላታለን። ፊልሙ ገና ግማሽ ሳይደርስ ትገደላለች። ገንዘቡ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ከሬሳዋ ጋር ረግረግ ውስጥ ይሰምጣል። ይህም ቢሆን ማታለል ነው። ግን አታላዩ ራሱ ፊልሙ ነው፤ ያስያዘንን ጥያቄ በገዛ እጁ ሰብሮ በምትኩ የሚብስ ጥያቄ ይሰጠናል። ያቺ ቅጽበት ተመልካቹን ያስጮኸችው የሚጠብቀው ነገር ስለነበረው ነው። «ሳይኮ» ጉድጓዱን ቆፈረ፣ ከደነልን፣ ወደቅንበት፤ የወደቅንበት ቦታም ፊልሙ ራሱ ነበር። በሹልትስ ፊልም ግን ጉድጓዱን የቆፈረው ሌላ ሰው፣ በሌላ ሰፈር ነው። ዳይሬክተሩ ስለ ጭራቁ የያዝነው ጥያቄ እንዳለ ስለማያውቅ አይመልስልንም፣ አይሰብርብንምም። ጥያቄያችንን እንደያዝን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። የእኔ ቁጣ ያለው በዚህች ልዩነት ላይ ነው እንጂ በውሸቱ ላይ አይደለም።

ሕግ ይህንን ልዩነት ሊይዘው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2011 አንዲት የሚሺጋን ነዋሪ «ድራይቭ» የተባለውን ፊልም የመኪና እሽቅድምድም ብላ ገብታ ዝግተኛ የወንጀል ድራማ ሆኖ ስላገኘችው አከፋፋዩን ከሳ ተረታች። በ2022 መጨረሻ ደግሞ በካሊፎርኒያ አንድ የፌዴራል ዳኛ ትሬይለር የንግድ ማስታወቂያ ነው፣ ስለዚህ በሐሰተኛ ማስታወቂያ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል አሉ። ከሳሾቹ «የስተርደይ» የተባለውን ፊልም በ3.99 ዶላር የተከራዩት ተዋናይቷን አና ደ አርማስን በትሬይለሩ ስላዩ ነበር፤ ከፊልሙ ግን ተቆርጣ ወጥታለች። ዳኛው ውሳኔያቸውን ያጠበቡት ግን አንድ ተዋናይት ወይም አንድ ትዕይንት በፊልሙ መኖር አለመኖሩን በሚመለከት ብቻ ነው። ይህ ሊቆጠር ይችላል። የ«ኢት ካምስ አት ናይት» ትሬይለር በዚህ ሚዛን ንጹሕ ነው። በሩም አለ፣ ውሻውም አለ፣ ጭምብሉም አለ። ጭራቅ አሳይቶን አያውቅም፤ ፈልገን ያመጣነው እኛ ነን ቢል ማን ይረታዋል?

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግረው (ፍላሹን የወረወረው እሱ ነው) በሂሳብ ያዘኝ። ፊልሙ የተሠራው 5 ሚሊዮን ዶላር በማይደርስ ገንዘብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 6 ሚሊዮን ያህል አስገባ። በቀጣዩ ሳምንት መጨረሻ ገቢው ከግማሽ በታች ወረደ፤ የተናደደ ሰው ለጎረቤቱ ስለሚናገር። ይሁን እንጂ በአጠቃላይ በዓለም ዙሪያ 20 ሚሊዮን ገደማ ሰበሰበ። «እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ፣ አባቱ የሞተበት ልጅ የሠራው የኀዘን ፊልም ነው ብለው ቢያስተዋውቁት፣ አንተ ራስህ ታይ ነበር?» አለኝ።

አላይም ነበር ይሆናል። ግን ይህ ክርክር እውነትና ውሸት ብቻ እንዳሉ ያስመስላል። በዚያ ትሬይለር ውስጥ ጫካውን ትተው ጠረጴዛውን ቢያሳዩን፣ ያቺን ስለ ወንድም የተነገረች ዐረፍተ ነገርና የፖልን ዓይን ብቻ አሥር ሰከንድ ቢሰጡን፣ ፀጉራችን አይቆምም ነበር? ፍርሃቱ ያው ነው፤ የሚመለከተው አቅጣጫ ነው የሚለየው። ጓደኛዬ ትከሻውን ነቀነቀ። ጭራቅ ቶሎ ይገባል፣ ጥርጣሬ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ትሬይለር ደግሞ ያለው ሁለት ደቂቃ ነው አለኝ።

ሹልትስ በ2019 «ዌቭስ» የተባለውን ቀጣይ ፊልሙን ከዚያው ኩባንያ ጋር አወጣ። ትራቪስን የተጫወተው ኬልቪን ሃሪሰን ጁኒየር እዚያ መሪ ተዋናይ ነው፤ ፊልሙም ስለ አባትና ልጅ፣ ስለ ኀዘን ነው። ጓደኛዬ የዚህ ፊልም ወጪ በከፊል የተሸፈነው ባልመጣው ጭራቅ ነው ባይ ነው። ሂሳቡን ላረጋግጥለት አልችልም፤ ግን ልክ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። «ዌቭስ»ን አብረን እንድናየው ስጋብዘው ግን ትሬይለሩን አስቀድሜ አላይም አለኝ።